የቱ ይነስ፣ የቱ ይቅር

በጠረጴዛው ላይ የቆመው ባቡር ከጎልማሳ መዳፍ አይረዝምም። ቀለሙ ቢጫም ቡኒም ለመባል የሚያስቸግር፣ የሰናፍጭ ዓይነት ነው። ጎኑ ላይ በወርቃማ ፊደል «ቦክስሂል» ተብሎ ተጽፎበታል። ዊልያም ስትራውድሊ የተባለው መሐንዲስ ለለንደን፣ ብራይተንና ደቡብ ጠረፍ የባቡር ኩባንያ ነድፏቸው፣ ከ1872 እስከ 1880 እ.ኤ.አ. ከተሠሩት 50 ትንንሽ የእንፋሎት ባቡሮች የአንዱ ሞዴል ነው። እንግሊዞች እነዚህን ባቡሮች «ቴሪየር» ይሏቸዋል፤ ጭስ ማውጫቸው ሲተነፍስ የሚሰማው ድምፅ የዚያን ትንሽ አዳኝ ውሻ ጩኸት ይመስላል ብለው። ከዚህ በታች የሚነጋገሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዷ ለሞዴሉ መግለጫ ካርድ የምትጽፍ የታሪክ መምህርት፣ ሌላው በዕድሜ የሚበልጣት መካኒካል መሐንዲስ።

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ካርዱ ላይ «ትክክለኛ ቅጂ፣ ከዋናው 76 ጊዜ ያነሰ» ብዬ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ላረጋግጥ ብዬ ማስመሪያ ሳነሳ ግን ነገሩ ተበላሸብኝ። ርዝመቱ 104 ሚሊ ሜትር ነው፤ ዋናው ከጫፍ እስከ ጫፍ 7.94 ሜትር ስለሆነ ለ76.2 ሲካፈል በልኩ ይገጥማል። መንኮራኩሩ 16 ሚሊ ሜትር ነው፤ የዋናው 1.22 ሜትር ነበርና እሱም ገጠመ። ሐዲዱ ላይ ስደርስ ሒሳቡ እምቢ አለ። የእንግሊዝ ሐዲድ ስፋቱ 1435 ሚሊ ሜትር ነው፤ በዚህ ስኬል 18.83 መሆን ነበረበት። ይህ ግን 16.5 ነው። ወደ ሙሉ መጠኑ ብመልሰው 1257 ይመጣል፤ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ጎድሏል ማለት ነው። አካሉ በአንድ ልክ፣ መቆሚያው በሌላ ልክ የተሠራን ነገር ትክክለኛ ቅጂ ብዬ ተማሪ ፊት እንዴት አቀርባለሁ? ሰነድ ቢሆን ኖሮ የተፋቀ ሰነድ እንለው ነበር።

መሐንዲሱ፦ ጥሩ ቦታ ላይ ያዝሽው። ያ ጉድለት ግን ከስንፍና የመጣ አይደለም። የእንግሊዝ የባቡር መንገድ ከሁሉም ቀድሞ ስለተሠራ ዋሻውም፣ ድልድዩም፣ የጣቢያው መቆሚያም ጠባብ ነው፤ በዚህ የተነሳ ባቡሮቻቸው ከጀርመንና ከፈረንሳይ ባቡሮች በቁመትም በወርድም ያንሳሉ። ሐዲዱ ግን እኩል ነው። የጠረጴዛ ባቡር ገበያ ላይ መውጣት ሲጀምር ዋናው አውሮፓ 16.5 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ይዞ አካሉን 1 ለ 87 አደረገው፤ ይህ በሒሳቡ ልክ ነው። የእንግሊዝ ባቡር በዚያው ስኬል ሲሠራ ሆዱ በጣም ጠበበና የዘመኑ ኤሌክትሪክ ሞተር አልገባ አለ። ስለዚህ አካሉን ወደ 1 ለ 76 አሰፉት፤ ሐዲዱን እንዳለ ተዉት። በ1938 የሊቨርፑሉ መካኖ ኩባንያ ሆርንቢ ደብሎ የሚባለውን ምርት ሲያወጣ ይህ ልክ ጸና፤ እስከ ዛሬም አልተለወጠም። ከዚያ ምርት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ባቡሮች አንዱ እንደ ቦክስሂል ታንክ ባቡር ነበር፤ ማለትም ውኃውን ከኋላው በሚጎትተው ጋሪ ሳይሆን በራሱ ጎን በተገጠመ ታንክ የሚሸከም። እንግዲህ ያ 16.5 የሚነግርሽ የእንግሊዝን ዋሻ ጥበትና የ1930ዎቹን ሞተር ውፍረት ነው። አንቺ የታሪክ ሰው ነሽ፤ ይህን የተፋቀ ሰነድ ትይዋለሽ?

መምህርቷ፦ የጉድለቱን ምክንያት ማወቅ ጉድለቱን አያስቀረውም። የድሮው የጅቡቲ ሐዲዳችን 1 ሜትር ነበር፣ የእንግሊዙ 1435፤ ይህ ከሁለቱም ያልሆነ ነው። ያኔ ሞተሩ ወፍራም ነበር እንበል፤ ዛሬ የጣት ጫፍ የሚያህል ሞተር አለ። ለምን አይታረምም? ሁሉም ነገር ለ76.2 ይካፈልና ጉዳዩ ይዘጋ።

መሐንዲሱ፦ እሱን ነው ልነግርሽ የምፈልገው፤ ሁሉም ነገር ለ76.2 ቢካፈል ሞዴሉ ጨርሶ ባቡር አይሆንም። ሰው የሚሳሳተው ማሳነስ ማለት ማካፈል ብቻ ይመስለውና ነው። ርዝመት በ76 ሲያንስ የላሜራው ስፋት በ76 እጥፍ 76 ያንሳል፤ ክብደቱ ደግሞ በሦስተኛው ደረጃ፣ ከ440 ሺህ ጊዜ በላይ ይወርዳል። አንዳንዱ ነገር ጭራሽ አያንስም፤ የውኃ ጠብታ ያው የውኃ ጠብታ ነው፣ የሚያየው ዓይን ያው ነው፣ የቀለም ቅብ ያው ነው። ስለዚህ ሞዴል ሠሪ አንዱን እውነት ሲጠብቅ ሌላው ከእጁ ያመልጠዋል፤ ምርጫ የግድ ነው። እኔ የምለው ይህ ነው፦ የሞዴል ታማኝነት የሚለካው ምን እንደመረጠ፣ ለምን እንደመረጠና ምርጫውን እንዳልሸሸገ በማየት ነው። ማስመሪያ ከምስክሮቹ አንዱ ነው፤ ዳኛ አታድርጊው።

በክብደቱ እንጀምር። ዋናው ቴሪየር ሲሠራ ክብደቱ 24.7 ቶን ገደማ ነበር። በስኬሉ ብታወርጂው 56 ግራም ያህል ይመጣል፤ አንድ እንቁላል ማለት ነው። እንቁላል የሚያህል ባቡር ሐዲዱን አይጨብጥም፤ መንኮራኩሩ ባለበት ይሽከረከራል እንጂ ሁለት ተሳፋሪ ፉርጎ አይጎትትም። በሐዲዱ በኩል የሚመጣለትን ኤሌክትሪክ እንኳ በደንብ አይነካም። ሠሪው ምን ያደርጋል? ባዶ ቦታ ባገኘበት ሁሉ ከባድ ብረት ይሞላል፤ ከሁሉ የሚመቸው ደግሞ የጎኑ ታንክ ነው። ዋናው ውኃ በያዘበት ቦታ ሞዴሉ ብረት ይይዛል። ግን ልብ በይ፣ በዋናውም ቢሆን የታንኩ ውኃ ሥራው መጠጣት ብቻ አልነበረም፤ 2,270 ሊትር ያህል ውኃ መንኮራኩሮቹን ወደ ሐዲዱ ይጫን ነበር። የታንክ ባቡር ጥበቡ አንዱ እዚያ ላይ ነው። ሞዴል ሠሪው በቁጥሩ ላይ ዋሸ፤ በአሠራሩ ላይ ግን እውነቱን ጠበቀ።

መምህርቷ፦ ይቅርታ ያድርጉልኝና እዚህ ላይ የዘለሉት ነገር አለ። ቴሪየርን ቴሪየር ያደረገው እኮ ቀላልነቱ ነው! ስትራውድሊ የነደፈው በከተማው ዙሪያ ላሉ ደካማ ሐዲዶችና ቶሎ ቶሎ ለሚቆሙ አጫጭር ባቡሮች ነበር። ሌሎቹ እኩዮቹ ለቁራጭ ብረት ሲሸጡ እሱ ከ90 ዓመት በኋላም ሥራ ያላጣው በሌላ ምክንያት አይደለም። ወደ ሄይሊንግ ደሴት የሚወስደው የላንግስተን ድልድይ ደካማ ስለነበር ከቴሪየር የከበደ ባቡር አይሸከምም ነበር፤ መስመሩ በ1963 እስኪዘጋ ድረስ ያገለገሉት እነሱ ናቸው። እንግዲህ እርስዎ የሚያመሰግኑት ሠሪ መጀመሪያ ያጠፋው የባቡሩን ዋና ጠባይ ነው። ተማሪው በእጁ ሲያነሳው «ምነው ከበደ!» ይላል፤ ታሪኩ ግን «ምነው ቀለለ!» ነው።

መሐንዲሱ፦ ይህ ከማስመሪያው ይልቅ ጠንካራ ክርክር ነው፤ ተቀብዬዋለሁ። የምመልሰው የሚከተለውን ነው። ሞዴሉ ሊያሳይ የተነሳው መሮጡን ከሆነ ቀላልነቱን መሠዋት አለበት፤ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ቆሞ የሚታይ ከሆነ ግን ብረት መሙላቱ ከንቱ ነው። ክብደቱ ትክክል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ ብቻውን መልስ የለውም። ለምን ሥራ የሚለው መቅደም አለበት። ካርድሽ ላይ ድልድዩን መጻፍ ያለብሽም ለዚሁ ነው፤ ሞዴሉ ሊናገር ያልቻለውን ካርዱ ይናገርለታል።

አሁን ጋቢናውን በማጉያ መነጽር እዪው። የዋናው ጋቢና ላሜራ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው ብንል፣ በዚህ ስኬል ከ0.1 ሚሊ ሜትር ያነሰ ይሆናል፤ ከወረቀት እኩል። ፕላስቲክ በዚያ ውፍረት አይፈስም፣ ቢፈስም በጣት ሲነካ ይታጠፋል። ስለዚህ ግድግዳው ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ሙሉ መጠን ሲመለስ 38 ሚሊ ሜትር፣ የጦር መርከብ ይመስላል። ሠሪው ያደረገውን ተመልከቺ፦ የመግቢያውን ጠርዝ ከውስጥ በኩል አዳልጦ ሞርዶታል። ዓይን የሚያየው ጠርዙን ብቻ ስለሆነ ጋቢናው ስስ ላሜራ ሆኖ ይታያል። ቀለሙም እንዲሁ ነው። አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሚወፍር ቅብ በዚህ ስኬል 7.6 ሚሊ ሜትር ልጥፍ ነው፤ የሪቬት ራሶቹን ይውጣቸዋል። የዋናው 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ የሪቬት ራስ እዚህ ሩብ ሚሊ ሜትር ነው። ስለዚህ ሪቬቱን ከልኩ ትንሽ ከፍ ካላደረገው ቅቡ ይደመስሰዋል። ሲነካ ትክክል የሆነው፣ ሲታይ ትክክል አይሆንም።

መምህርቷ፦ ለዓይን ማታለልን ታማኝነት ካልነው ሠዓሊም ይህንኑ ያደርጋል፤ ሠዓሊን ግን ማንም ስለ ሚሊ ሜትር አይጠይቀውም። ደግሞም ልኩን የጠበቁ ሰዎች አሉ። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ 18.83 ሚሊ ሜትር ሐዲድ እያነጠፉ፣ የመንኮራኩሩን ከንፈር በትክክለኛው ስስነት እየቀረጹ የሚሠሩ እንግሊዛውያን እንዳሉ አንብቤያለሁ። እነሱ ከቻሉ «አይቻልም» የሚለው ክርክርዎ ይወድቃል።

መሐንዲሱ፦ እነዚያን ሰዎች ከልቤ አከብራቸዋለሁ። ያስተማሩን ነገር ግን ከክርክሬ ጋር ነው የሚሄደው። የዋናው መንኮራኩር ከንፈር ከሐዲዱ በታች 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ይህ በስኬሉ ከ0.4 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከንፈሩ እንዲህ ሲያጥር የሐዲዱ ጥቂት መወላገድ ባቡሩን ይጥለዋል። ስለዚህ እያንዳንዱን አክስል በረቂቅ ምንጭ ላይ ማንጠልጠል፣ ሐዲዱን በእጅ ማንጠፍ፣ ኩርባውን ማስፋት ያስፈልጋል። የመጫወቻው ሐዲድ ኩርባ ሬዲየሱ 44 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ሙሉ መጠን ሲመለስ 33 ሜትር፣ አንድ ትልቅ ባቡር በፍጹም የማይዞርበት ኩርባ። 18.83ን የመረጠ ሰው ትንሹን ክፍል፣ ጠባቡን ጠረጴዛና የልጁን እጅ ትቷል። ታዲያ እነሱስ ሁሉን ጠበቁ? ክብደቱን አልጠበቁም። ሞተሩ ከሆዱ አልወጣም። የመስኮቱ መስታወት አልሳሳም። እነሱ የመረጡት እውነት የመንኮራኩርና የሐዲድ ግንኙነት ነው፤ የተከበረ ምርጫ ነው፣ ግን ምርጫ ነው።

ሠዓሊውን በተመለከተ፣ ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሠዓሊ ያልተገደደበትን መለወጥ ይችላል፤ ሞዴል ሠሪ አይችልም። ርዝመቱ 104 ሚሊ ሜትር ከመሆን የሚያግደው ነገር ስለሌለ 104 መሆን አለበት። ጭስ ማውጫው ቦታው ላይ ከመቆም የሚያግደው ስለሌለ ቦታው ላይ ይቁም። ተፈጥሮና ሥራው ያስገደዱትን ብቻ ይለውጥ። ይህ ልል መስፈርት እንዳይመስልሽ፤ ማስመሪያ ከሚያሳልፋቸው ሞዴሎች ብዙዎቹን ይጥላል።

መምህርቷ፦ ያልተገደዱበትን ሲለውጡ የሚያሳይ ምሳሌ ይስጡኝ። «አስገደደኝ» የማይል ማን አለ?

መሐንዲሱ፦ እሰጥሻለሁ፤ መጀመሪያ ግን መገደድ ማለት ምን እንደሆነ በጣም ግልጽ የሆነበትን ቦታ ላሳይሽ። ከጠረጴዛው እንውረድና እውነተኛ የድንጋይ ከሰል እየነደደበት፣ እውነተኛ እንፋሎት እየሠራበት የሚሄደውን ሞዴል እንይ። በ5 ኢንች፣ ማለትም በ127 ሚሊ ሜትር ሐዲድ ላይ የሚሠራ ቴሪየር አለ፤ ስኬሉ 1 ለ 11.3 ነው፣ ርዝመቱ 70 ሳንቲ ሜትር። ሰዎች ቤታቸው ውስጥ በቶርኖ እየላጉ፣ መዳብ እየበየዱ ዓመታት ፈጅተው ይሠሩታል፤ ሲያልቅ ሰው ተቀምጦበት ይጎትታል። የዚህ ባቡር ቦይለር እንደ ዋናው ከብረት ላሜራ ቢሠራ ምን ይሆናል? ግፊቱን ይችለዋል፤ ስፋቱም ውፍረቱም አብረው ስላነሱ ላሜራው ላይ የሚያርፈው ጫና አይለወጥም። ዝገት ግን አያንስም። ዋናውን 10 ሚሊ ሜትር ላሜራ በዓመት የሚልሰው ዝገት የሞዴሉን 0.9 ሚሊ ሜትርም በዚያው ፍጥነት ይልሰዋል። ስለዚህ ከመዳብ ይሠራል። የእሳት ቱቦዎቹም በዚያ ዘመን ቦይለር 4.5 ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ነበራቸው፤ በስኬሉ ሲወርዱ 4 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ። ጥቀርሻ ግን በ11 አልተካፈለም፤ ወዲያው ይደፍናቸዋል። ስለዚህ ቱቦዎቹ በቁጥር ያንሳሉ፣ በስፋት ይበልጣሉ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን የውኃ ማያው ብርጭቆ ነው። በጋቢናው ውስጥ፣ ነጂው ፊት ለፊት፣ የቦይለሩ ውኃ የት እንደደረሰ የሚያሳይ ቀጥ ያለ የብርጭቆ ቱቦ ይቆማል። የሰው ሕይወት በእሱ ላይ ነው፤ ውኃው ከምድጃው ጣሪያ በታች ከወረደ ብረቱ ግሎ ይለሰልስና እንፋሎቱ ይደረምሰዋል። የዋናው ብርጭቆ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወፍራል። ልኩን ጠብቀሽ ብታሳንሺው ከ2 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ፣ ውስጡ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ የሆነ ቱቦ ታገኛለሽ። ውኃ ደግሞ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ራሱ ሽቅብ ይሳባል፤ በ1 ሚሊ ሜትር ቱቦ ቀዝቃዛ ውኃ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ሲሞቅ ቢቀንስም አይጠፋም። የዚያ ሞዴል ቦይለር ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር እንኳ አይሞላም። ልኩን የጠበቀው ብርጭቆ «ውኃ ሞልቷል» እያለ ምድጃው ይቃጠላል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሠሪ ከስኬሉ ሦስት እጥፍ የሚወፍር ብርጭቆ ያስገባል። ያ ብርጭቆ ለማስመሪያ ሐሰተኛ ነው፣ ስለ ውኃው ግን እውነቱን ይናገራል።

መምህርቷ፦ ይህኛው ገባኝ። ከዚህ በፊት የነገሩኝ ሁሉ ዓይንን ስለማስደሰት መስሎኝ ነበር፤ ብርጭቆው ግን ከዓይን ጋር ምንም የለውም። የቀደሙት ሠሪዎች ይህን ያውቁ ነበር?

መሐንዲሱ፦ ተጣልተውበታል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዝ ውስጥ «የቦይለሮች ጦርነት» የተባለ ክርክር ተነስቶ ነበር። በ64 ሚሊ ሜትር ሐዲድ የሚሄድ ትንሽ ባቡር እንደ ትልቁ ከሰል እያነደደ ሰው መጎተት ይችላል አይችልም ነበር ጠቡ። ኤል.ቢ.ኤስ.ሲ. በሚል የብዕር ስም የሚጽፍ ሰው ይቻላል ብሎ ተነሳ፤ የብዕር ስሙ የዚሁ የቴሪየር ኩባንያ ስም ምሕጻር ነው፣ በወጣትነቱ እዚያ ሠርቷል። አየሻ ብሎ የሰየማት ባቡሩ በ1924 በሰው ፊት ተፈትና ሰው ጎተተች። የእሱ አቋም ተፈጥሮ በስኬል አትወርድም የሚል ነበር፦ የትልቁን ባቡር አሠራር ያዝ፣ ልኩን ግን ለሚፈሰው እንፋሎትና ለሚነደው እሳት አስተካክል። ከዚያ በኋላ ለአርባ ዓመት ያህል ያለ ፋብሪካ በቤት ለሚሠሩ ሰዎች እየነደፈ ጻፈ።

መምህርቷ፦ እንግዲያው ወደ ምሳሌዬ ይመለሱልኝ። ያለ ግዴታ የተለወጠውን ይንገሩኝ።

መሐንዲሱ፦ ከ1911 ጀምሮ ከቴሪየሮቹ በርካቶቹ አዲስ ቦይለር ተገጠመላቸው፤ ያኔ ፊት ለፊት ያለው የጭስ ሳጥን ወደፊት ረዘመ፣ ክብደታቸውም ወደ 28 ቶን ከፍ አለ። ኤ1 የነበረው የመደብ ስማቸውም ኤ1ኤክስ ተባለ። የሰናፍጩ ቀለም ግን ከ1905 በኋላ በጥቁር ቡኒ መተካት ጀምሮ ነበር። እንግዲህ ረጅም የጭስ ሳጥን ያለው፣ ሰናፍጭ የተቀባ ሞዴል ብታዪ፣ ያ ባቡር በኩባንያው ዘመን በአንድ ቀን እንኳ አልኖረም። አጭሩን ሳጥን መሥራት ከረጅሙ አይከብድም፣ ቡኒ ቀለምም አይወደድም። ግዴታ የለም። ሚሊ ሜትሩ ሁሉ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ሞዴሉ ግን ሐሰተኛ ነው።

መምህርቷ፦ እንደዚያ ካሉ የሚፈርዱት በሞዴል ላይ ብቻ አይደለም። ስቴፕኒን ያውቁታል። በ1875 የተሠራ እውነተኛ ቴሪየር ነው፤ በሰሴክስ ያለው የብሉቤል የባቡር ማኅበር በ1960 ገዝቶ አድኖታል። ኤ1ኤክስ ሆኖ ነው የተረፈው። ከዳነ በኋላ ግን ያንኑ የሰናፍጭ ቀለም ተቀብቶ ሕዝብ ሲያመላልስ ኖሯል። አካሉ ከ1911 ወዲህ፣ ቀለሙ ከ1905 ወዲያ! ዋናው ባቡር ራሱ፣ 28 ቶን ብረቱ እንዳለ፣ እርስዎ ሐሰተኛ ያሉትን ሞዴል ሆኖ ቆሟል። እና እኔ ሰነድ ስመረምር የምፈራው ይህንን ነው፤ ዋናው በእጃችን ስላለ እውነቱ በእጃችን ያለ ይመስለናል።

መሐንዲሱ፦ ለእኔ ክርክር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላመጣሁም።

መምህርቷ፦ ለእኔም ቢሆን። ምክንያቱም ይህ ነገር የሞዴሉን ደረጃ ከፍ ያደርገዋል። እስከ አሁን ስንናገር ዋናው እውነት፣ ሞዴሉ ጥላ እንደሆነ አድርገን ነበር። ዋናው ግን በዕድሜው ሁሉ ሲለወጥ የኖረ ነገር ነው። በ1872 የወጣው ፌንቸርች ዛሬም አለ፤ በ1913 ግን ታድሶ መልኩ ተለውጦ ነበር። ቦክስሂል ኤ1ኤክስ ሳይደረግ የቀረ ስለሆነ በ1947 ወደ ቀድሞ መልኩ ተመልሶ ዛሬ በዮርክ ብሔራዊ የባቡር ሙዚየም ቆሟል። እሱም ቢሆን የተመለሰ እንጂ የቆየ አይደለም። አንድ ሰው ዛሬ ሄዶ በሌዘር ቢለካው የሚያገኘው የዛሬውን ቦክስሂል ነው፤ እያንዳንዱን ጥገና፣ እያንዳንዱን ልጥፍ ጨምሮ። የ1880ውን ነሐሴ ማየት የሚፈልግ ሰው ሥዕሉን፣ ፎቶግራፉንና የፋብሪካውን ንድፍ አገጣጥሞ መሥራት አለበት። ይህ ደግሞ የእኔ ሙያ ነው። ሞዴሉ ስለ አንድ ቀን የቀረበ ክርክር ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ ዋናው ሊያቀርበው የማይችለው።

መሐንዲሱ፦ ቀለሙ ላይ ሳይቀር ክርክር ነው። ስትራውድሊ ይህን ሰናፍጭ «የተሻሻለ የባቡር አረንጓዴ» ብሎ ይጠራው ነበር፤ ከብራይተን በፊት በሰሜን ስኮትላንድ ሲሠራም ይዞት ነበር። ቀለም መለየት አይችልም ነበር የሚል ወሬ እስከ ዛሬ አለ። በላዩ ላይ ደግሞ ቫርኒሽ በቫርኒሽ ይደረብበት ስለነበር ከፋብሪካ ሲወጣና ከዓመት በኋላ አንድ አይመስልም። ሠሪው የየትኛውን ቀን ቀለም እንደቀባ ማወቅ አለበት።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ፤ ሲያንስ ምንም የማይጎድልበት ነገርም አለ። ቴሪየር መንኮራኩሩ አንዴ ሲዞር አራት ጊዜ ይተነፍሳል፤ ያ ነው ጩኸቱ። ዋናው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ መንኮራኩሩ በሴኮንድ ሦስት ጊዜ ያህል ይዞራል። ሞዴሉ በስኬሉ ፍጥነት፣ በሴኮንድ 14.6 ሳንቲ ሜትር ሲሄድ የእሱም መንኮራኩር በሴኮንድ ያንኑ ሦስት ጊዜ ይዞራል፤ መንገዱም መንኮራኩሩም በአንድ ልክ አንሰዋልና። በሴኮንድ አሥራ ሁለት ያህል ትንፋሽ፣ በዋናውም በሞዴሉም። ምት አያንስም። ስለዚህ ሞዴሉን በእብደት ፍጥነት የሚያስሮጥ ሰው ያለ ምንም ግዴታ አንዱን ሙሉ እውነት ያበላሻል። ሲቆም ግን ሌላ ነው፤ ትልቁ ባቡር በክብደቱ እየተገፋ ቀስ ብሎ ይቆማል፣ ትንሹ መብራቱ እንደጠፋ ድርቅ ይላል። ዛሬ በውስጡ የሚገባው ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ሥራው አንዱ የሌለውን ክብደት እያስመሰለ ቀስ ብሎ ማቆም ነው።

መምህርቷ፦ እሺ፣ ካርዱን ልቀይረው። «ትክክለኛ ቅጂ» የሚለው ይውጣ። «ቦክስሂል፣ በ1880 ከፋብሪካ እንደወጣ። አካሉ 1 ለ 76.2፤ ሐዲዱ 16.5 ሚሊ ሜትር፣ ከልኩ የጠበበ፤ ምክንያቱ…» እያልኩ እቀጥላለሁ። ድልድዩን እጽፋለሁ። ቆይ፣ ይህ ሽቦ ምንድን ነው? ከጭስ ሳጥኑ ጎን ወጥቶ ተቆልምሞ ታንኩ ውስጥ የሚገባው?

መሐንዲሱ፦ እንኳን አየሽው! እሱ ነው የስትራውድሊ ፊርማ። ሥራውን የጨረሰው እንፋሎት ሁሉ በጭስ ማውጫው እንዳይባክን ከፊሉን ወደ ታንኩ ይመልሰዋል፤ እንፋሎቱ ውኃ ይሆናል፣ የታንኩም ውኃ ይሞቃል፣ ከሰል ይቆጠባል። ቴሪየሮች በቴምዝ ወንዝ ሥር በሚያልፈው ዋሻም ይሠሩ ስለነበር እዚያም ይጠቅማል። ችግሩ፣ ውኃን ወደ ቦይለር የሚገፋው ኢንጀክተር ትኩስ ውኃ አይወድም። ስለዚህ ስትራውድሊ ኢንጀክተሩን ትቶ ከፒስተኑ ጋር አብሮ የሚመላለስ ፓምፕ አስገባ። ያ ሽቦ ባይኖር ፓምፑ ትርጉም የለውም፤ ፓምፑን ያላወቀ ሰውም ሽቦውን ጌጥ ይለዋል።

መምህርቷ፦ ፓምፑ ታዲያ የት አለ? አይታየኝም።

መሐንዲሱ፦ ሲሊንደሮቹ ከመንኮራኩሮቹ መሀል፣ በፍሬሙ ውስጥ ናቸው፤ ፓምፑም እዚያው ነው። ገልብጠሽ እዪው።

መምህርቷ፦ ገለበጥኩት። ጥርስና ሞተር ብቻ ነው ያለው።

መሐንዲሱ፦ የፓምፑን ቦታ የወሰደው እሱ ነው። እሱንም ጻፊው።